«ከስንት ሰው?» — አማካዮችን ወደ አንድ ለማምጣት የሚረዳ መመሪያ

በአዲስ አበባ ከባምቢስ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣው መንገድ ዙሪያ የሪፖርት ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ቅርብ ነው፤ በየሕንፃው ላይም የግብረ ሰናይ ድርጅት፣ የማኅበር ወይም የአማካሪ ቢሮ አይጠፋም። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ በእነዚህ ቢሮዎች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፦ ከየቅርንጫፉ የመጣውን ቁጥር ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት። ከአንዱ «አማካይ 4.9» ይመጣል፤ ከሌላው «አማካይ 3.8»፤ ከሦስተኛው «72 በመቶ»። ከስንት ሰው እንደተገኘ ግን አልተጻፈም። ቢደውሉ ሰነዱን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። ሪፖርቱ ደግሞ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው አማካዮቹን ደምሮ ለቡድኖቹ ቁጥር ማካፈል ነው። እባክዎ አያድርጉት። የቡድኑ ብዛት ባይነገርዎትም እንኳ ማድረግ የሚችሉት ብዙ ነገር አለ፤ ከታች ቅደም ተከተሉን ይዤ አቀርባለሁ።

ስህተቱ ምን ያህል ይከብዳል?

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን አገሩን ሁሉ አስደንግጦ ነበር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተፈታኙ ብዛት አልተነገረንም እንበልና ሁለቱን ደምረን ለሁለት እናካፍል፤ 4.05 በመቶ ይመጣል። ትምህርት ሚኒስቴር የገለጸው አጠቃላይ ውጤት ግን 3.3 በመቶ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 339,642፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች 556,878 ስለነበሩ ዝቅተኛው ውጤት የብዙኃኑ ውጤት ነው፤ አጠቃላዩንም ወደ ራሱ ይስበዋል። ከ896,520 ተፈታኞች የተባለውን ነጥብ ያመጡት 29,909 ናቸው። 4.05 በመቶ ብሎ የጻፈ ሰው ወደ 6,400 የሚሆኑ የወደቁ ልጆችን በወረቀት ላይ አሳልፏል ማለት ነው።

ደምሮ ማካፈል ትክክል የሚሆነው ቡድኖቹ በብዛት እኩል ሲሆኑ ወይም አማካዮቹ ራሳቸው እኩል ሲሆኑ ነው። ከዚህ ውጭ ሲገጥም በአጋጣሚ ነው።

መጀመሪያ «የምን ብዛት?» ብለው ይጠይቁ

ብዛት ከመፈለግዎ በፊት የሚፈልጉት የምን ብዛት እንደሆነ ይለዩ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች ትክክለኛ ቁጥር ይዘው የተሳሳተ መልስ ያወጣሉ። ደንቡ አጭር ነው፦ አማካዩ ሲሰላ ለምን ተካፍሎ ነበር? ክብደቱ ያ ነገር ነው። የምርት አማካይ «ኩንታል በሄክታር» ከሆነ ክብደቱ ሄክታር እንጂ የገበሬው ቁጥር አይደለም። የዋጋ አማካይ ከሆነ የተገዛው ኪሎ እንጂ የገበያው ቁጥር አይደለም።

የአማራ ክልልን የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይውሰዱ። በከተማ አንድ ቤተሰብ በአማካይ 3.3፣ በገጠር 4.5 ሰው ነበረው። ከክልሉ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 12.3 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለቱን አማካዮች በዚህ የሕዝብ ድርሻ ቢያጣምሩ 4.35 ያገኛሉ። ትክክለኛው ግን 17,221,976 ሰው ለ3,983,768 ቤተሰብ ሲካፈል የሚመጣው 4.32 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከነጥብ በኋላ ወደ አንድ አኃዝ ሲጠጋጋ አንዱ 4.4፣ ሌላው 4.3 ይሆናል። ስህተቱ የመጣው አማካዩ «በቤተሰብ» ሆኖ ሳለ ክብደቱ «በሰው» ስለተወሰደ ነው። የከተማ ቤተሰብ አነስተኛ ስለሆነ ከተማው በቤተሰብ ቁጥር ያለው ድርሻ በሰው ቁጥር ካለው ድርሻ ይበልጣል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን የሰው ድርሻ ለየራሱ የቤተሰብ አማካይ ያካፍሉ። 12.3 ለ3.3 ሲካፈል 3.73፣ 87.7 ለ4.5 ሲካፈል 19.49 ይመጣል፤ ስለዚህ ከቤተሰቦቹ 16 በመቶው የከተማ ናቸው። በዚህ ድርሻ ሲያጣምሩ 4.31 ያገኛሉ፤ ሲጠጋጋ ቆጠራው ካወጣው 4.3 ጋር ይገጥማል።

በገበያም ይኸው ነው። አንድ ድርጅት ለሠራተኛ ምግብ ቤቱ ጤፍ ሁለት ጊዜ ገዛ እንበል፤ ሁለቱንም ጊዜ በ6,000 ብር፣ መጀመሪያ ኪሎውን በ100 ብር፣ ቀጥሎ በ150 ብር። የወጣው ገንዘብ እኩል ስለሆነ «አማካይ ዋጋ 125 ብር» ማለት ይቀናል። ግን መጀመሪያ የተገዛው 60 ኪሎ፣ ቀጥሎ የተገዛው 40 ኪሎ ነው። 12,000 ብር ለ100 ኪሎ ሲካፈል 120 ብር ነው።

ቀጥሎ ዳርቻውን ያስምሩ

የቡድኖቹ ብዛት ምንም ይሁን ምን ጠቅላላው አማካይ ከትንሹ አማካይ በታች፣ ከትልቁም በላይ ሊሆን አይችልም። ይህን በወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ አንዳንድ ጊዜ ሥራው እዚሁ ያልቃል። ሦስት ቅርንጫፎች 3.9፣ 4.1 እና 4.2 ብለው ከላኩና ለጋሹ የጠየቀው «ከ3.5 በላይ ነው ወይ?» ከሆነ መልሱ «አዎ» ነው፤ ብዛት ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን ግን ዳርቻ ብቻውን አይረዳም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች በከተማ 2.3፣ በገጠር 5.2 ብሎ አስፍሯል። «አገራዊው በ2.3 እና በ5.2 መካከል ነው» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ የለም። እዚህ ላይ ድርሻውን ማወቅ ግድ ነው።

ምን ያህል መድከም እንዳለብዎት የሚነግርዎት ቀላል ስሌት አለ። ሁለት ቡድን ሲኖር የመልስዎ ስህተት ማለት የድርሻ ግምትዎ ስህተት በሁለቱ አማካዮች ክፍተት ሲባዛ ነው። ክፍተቱ 0.3 ሆኖ ድርሻውን በ20 የመቶኛ ነጥብ ቢስቱ መልስዎ የሚዛነፈው በ0.06 ነው። በወሊዱ ምሳሌ ግን ክፍተቱ 2.9 ስለሆነ ያው የ20 ነጥብ ስህተት 0.58 ልጅ ያመጣል። ለመጀመሪያው ግምት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ስልክ መደወል፣ ሰነድ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ከዚያ የጠፋውን ብዛት ከራሱ ከሪፖርቱ ያውጡ

ብዛቱ አልተጻፈም ማለት ሰነዱ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ይገኛል።

ድምር አለ ወይ ብለው ይፈልጉ። «ለሠልጣኞች በአማካይ 850 ብር አበል ተከፍሏል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአንድ ገጽ፣ «ለአበል የወጣ ጠቅላላ 54,400 ብር» የሚል በሂሳብ ገጹ ካለ ሠልጣኞቹ 64 ናቸው። የፕሮግራም ሪፖርትና የሂሳብ ሪፖርት በተለያየ ሰው ስለሚዘጋጁ ይህ መንገድ ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሂሳቡ ገጽ ነው።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የቁጥሮቹ መበታተን ልክ) እና ስታንዳርድ ኤረር (የአማካዩ የስህተት ልክ) አብረው ከተጻፉ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍለው ውጤቱን በራሱ ያባዙ። 12 ለ1.5 ሲካፈል 8፣ 8 በ8 ሲባዛ 64፤ ናሙናው 64 ነው። ይህ የሚሠራው ናሙናው በቀላል ዕጣ የተወሰደ ሲሆን ነው፤ ቀበሌ ተመርጦ ከቀበሌው ውስጥ ቤት ከተመረጠ ቁጥሩ ያሳስትዎታል።

ቡድኑ ትንሽ ከሆነና የተቆጠረው ነገር ሙሉ ቁጥር ከሆነ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ይመልከቱ። አንድ ቅርንጫፍ «በአማካይ 3.43 ልጆች» ብሎ ቢጽፍና ከ20 በታች ሰዎች እንዳነጋገረ ቢያውቁ ሰዎቹ ወይ 7 ወይ 14 ናቸው፤ ሙሉ ቁጥር ለሌላ ለየትኛውም ብዛት ተካፍሎ 3.43 አይሰጥም። በመቶኛም እንዲሁ ነው፦ «66.7 በመቶ» የሚል ቁጥር ከትንሽ ቡድን ሲመጣ «ከ3 ሰው 2 ይሆን?» ብለው ይጠርጥሩ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠቅላላው አማካይ በሌላ ቦታ ተጽፎ ሲገኝ ነው። ቡድኖቹ ሁለት ከሆኑ ድርሻቸው ከዚያ ይወጣል። ከጠቅላላው አማካይ ላይ ዝቅተኛውን ይቀንሱ፤ ከከፍተኛው ላይም ዝቅተኛውን ይቀንሱ፤ የመጀመሪያውን ልዩነት ለሁለተኛው ያካፍሉ። የሚያገኙት የከፍተኛው ቡድን ድርሻ ነው። በፈተናው እንሞክረው። 3.3 ሲቀነስ 1.3 ሁለት ነው፤ 6.8 ሲቀነስ 1.3 ደግሞ 5.5። 2 ለ5.5 ሲካፈል 36.4 በመቶ። እውነተኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች ድርሻ 37.9 በመቶ ነበር። ከሦስት የተጠጋጉ ቁጥሮች ብቻ የተነሣ ስሌት ይህን ያህል መቅረቡ ትልቅ ነገር ነው። ድርሻው አንዴ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሌሎች የዚያው ፈተና አማካዮች ሁሉ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። «3.3» የተባለው ከ3.25 እስከ 3.35 ያለ ማንኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹም እንደዚሁ። ሦስቱንም ወደ ሁለቱ ጫፎች ወስደው ቢያሰሉ የፈተናው ድርሻ ከ34.5 እስከ 38.2 በመቶ ይሆናል፤ ጠባብ ነው፣ ይሠራበታል። ያንኑ ስሌት በአማራ ክልል የቤተሰብ አማካይ ላይ ይሞክሩት፦ ከተማ 3.3፣ ገጠር 4.5፣ ጠቅላላ 4.3። የገጠሩ ድርሻ ሲቀነስ የከተማው 16.7 በመቶ ይመጣል፤ ጫፎቹን ሲያሰሉ ግን ከ8 እስከ 25 በመቶ ይዘረጋል። እንዲህ የተዘረጋ ድርሻ ለግምት መነሻ እንጂ ለሪፖርት አይሆንም። ስለዚህ ድርሻ ወደ ኋላ ባሰሉ ቁጥር ጫፎቹንም ያስሉ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከሪፖርቱ ካልወጣ ከውጭ ይዋሱ

ለሰው ብዛት የመጀመሪያው ምንጭ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ነው። ለተማሪ ብዛት የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የትምህርት ስታትስቲክስ መጽሔት አለ። ሲዋሱ ግን ሁለት ነገር ያስተውሉ።

አንደኛው የቁጥሩ ዕድሜ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ የመጨረሻው ግን የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነው፤ አራተኛው በ2011 ዓ.ም. ተላልፏል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ትንበያዎች ናቸው። ለክልል ደረጃ ትንበያው ያገለግላል፤ ለወረዳና ለሰፈር ግን አይመኑት። የዚሁ የካዛንቺስ ብዙ ክፍል በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውሯል። ካዛንቺስ ያለበትን የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወረዳዎች አማካይ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ብዛት የሚያጣምር ሰው ዛሬ እዚያ ለሌሉ ሰዎች ክብደት እየሰጠ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስታል፤ የተጠያቂው ቁጥር ክብደት አይደለም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሐረሪ 906 ሴቶች፣ በኦሮሚያ 1,892 ሴቶች ተጠይቀዋል። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ኦሮሚያን የሐረሪ እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ጥናቱ ግን ትንንሽ ክልሎችም የራሳቸው አስተማማኝ ቁጥር እንዲኖራቸው ሲል ሆን ብሎ ከእነሱ ብዙ ሰው ጠይቋል። ወደ ትክክለኛ የሕዝብ ድርሻቸው ሲመለሱ ከጠቅላላው 15,683 ሴቶች የሐረሪ 38 ብቻ፣ የኦሮሚያ ግን 5,701 ሆነው ይቆጠራሉ። የሪፖርቱ ሠንጠረዥ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ መውሰድ ያለብዎት ክብደት የተሰጠውን ነው። በወቅቱ የነበሩትን የ9 ክልሎችና የ2 ከተማ አስተዳደሮች የወሊድ አማካይ፣ ከአዲስ አበባው 1.8 እስከ ሶማሌው 7.2፣ ዝም ብለው ደምረው ለ11 ቢያካፍሉ 4.35 ይመጣል። በትክክለኛው ክብደት ሲያጣምሩ 4.55 ነው። ጥናቱ ያወጣው አገራዊ ቁጥር 4.6 ነው። የቀረችው ትንሽ ልዩነት የመጣችው ከማጠጋጋትና ይህ መለኪያ በዕድሜ ክልል ተከፋፍሎ የሚሰላ በመሆኑ ነው።

ምንም ካልተገኘ

ያኔ ግምት ይግቡ፤ ግምቱን ግን አይደብቁ። ሦስት የተለያዩ ድርሻዎችን ይሞክሩ፦ እኩል ለእኩል፣ አንዱ ያመዘነበት፣ ሌላው ያመዘነበት። ድርሻ ሲመርጡ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያማክሩ፤ የቅርንጫፉ ሾፌር እንኳ «የእነሱ ጣቢያ ከእኛ ሦስት እጥፍ ይሆናል» ሊልዎት ይችላል፤ ይህም ከእኩል ለእኩል ይሻላል። ከዚያ በሪፖርቱ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «የቅርንጫፎቹ ተጠቃሚዎች ብዛት ስላልቀረበ አጠቃላይ አማካዩ በተለያየ የድርሻ ግምት ተሰልቷል፤ ውጤቱ ከ3.9 እስከ 4.4 ነው።» ይህን የሚያነብ አለቃ ቅር ሊለው ይችላል። በኋላ የማይጸና አንድ ቁጥር ከመስጠት ግን ይሻላል።

እኩል ክብደት መስጠት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 54 አባል አገሮች አሉት። ሲሸልስ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት፤ ናይጄሪያ ከ200 ሚሊዮን በላይ። ጥያቄው «መንግሥታት በአማካይ ምን እየሠሩ ነው?» ከሆነ እያንዳንዱ አገር አንድ ድምፅ ቢኖረው ያስኬዳል። «አንድ አፍሪካዊ በአማካይ እንዴት ይኖራል?» ከሆነ ግን ሲሸልስና ናይጄሪያ እኩል ሊመዝኑ አይችሉም። ሁለቱም የተለያየ ጥያቄ መልሶች ናቸውና የትኛውን እንደመለሱ በግልጽ ይጻፉ።

ፈጽሞ የማይጣመሩ

ሚዲያን፣ ማለትም በቅደም ተከተል ሲደረደር መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ ከብዛቱ ጋር እንኳ ቢመጣ አይጣመርም፤ ጥሬ መረጃውን መጠየቅ አለብዎት። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኖችን አማካይ ማድረግም አይሆንም፤ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። አንድ ሰው በሁለት ቅርንጫፍ ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መዝገቡ ይጽዳ።

የዘንድሮውን ካምናው ሲያወዳድሩም ክብደቱ ተቀይሮ እንደሆነ ይዩ። አምና የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አማካይ 80፣ የሁለተኛው 50 ነበር፤ ዘንድሮ 82 እና 52 ሆነዋል እንበል። ሁለቱም አድገዋል። ነገር ግን የሁለተኛው ድርሻ ከ30 ወደ 50 በመቶ ከፍ ካለ አጠቃላዩ ከ71 ወደ 67 ይወርዳል። «ፕሮጀክቱ ወደቀ» ተብሎ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ምክንያት ነው፤ ሥራቸውን ያሻሻሉ ሰዎች የሚወቀሱበት ስሌት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ይፈትሹት።

ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሞ ወደ ቅርንጫፎች የሚሄደውን ቅጽ ከመላክዎ በፊት ይክፈቱት። «አማካይ» ከሚለው ዓምድ ጎን «ብዛት» እና «የምን ብዛት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይጨምሩ። ሳይሞላ የመጣልዎትን ቅጽ በዚያው ቀን መልሰው ይላኩት።